በሲኒማ ቤት ከስሮ በየሳሎኑ የነገሠው ፊልም

የፊልም ንግድ ትዕግሥት አያውቅም። በአሜሪካ አንድ ፊልም ዓርብ ዕለት ለእይታ ይበቃል፤ ሰኞ የሦስቱ ቀን የትኬት ሽያጭ ተደምሮ ይወጣል፤ ያን ዕለት ፍርዱ ተሰጠ ማለት ነው። ከሰንጠረዡ አናት የተቀመጠው «ተሳካለት»፣ ከግርጌው የተገኘው «ከሰረ» ይባላል። የከሰረው ብዙም ሳይቆይ ከአዳራሹ ይነሣና ቦታውን ለባለተራው ይለቃል። ለዓመታት የተደከመበት ሥራ ዕጣው በሦስት ቀን ይወሰናል።

ይሁን እንጂ ፍርዱ ይግባኝ የሌለው አይደለም። በወጡበት ሰሞን ባዶ ወንበር ታቅፈው የቀሩ፣ ከዓመታት በኋላ ግን ከባለድሎቹ በላይ የተወደዱ ፊልሞች አሉ። በእንግሊዝኛው «ካልት ፊልም» ይባላሉ። ቃሉ ጥቂት ግን ጽኑ ተከታዮች ያሉትን የእምነት ቡድን ያመለክታል። የእነዚህ ፊልሞች ወዳጆችም እንደዚያው ናቸው፤ ደጋግመው ያዩታል፣ ንግግሩን በቃላቸው ይይዙታል፣ ላላየው ሰው ይሰብኩታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

ምሳሌዎቹ ብዙ ናቸው። በ1975 የወጣው «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» በመደበኛው ሰዓት ተመልካች አጥቶ ነበር። በ1976 ኒውዮርክ ውስጥ በእኩለ ሌሊት መታየት ሲጀምር ግን ተመልካቹ እንደ ገጸ ባሕርያቱ ለብሶ እየመጣ ከስክሪኑ ጋር መነጋገር ያዘ። የሪድሊ ስኮት «ብሌድ ራነር» በ1982 የወጣው «ኢ.ቲ.» አሜሪካን ባጥለቀለቀበት ክረምት ስለነበር ሰሚ አላገኘም፤ ዛሬ ግን ስለ መጪው ዘመን የሚሠሩ ፊልሞች ሁሉ የሚቀዱበት ምንጭ ሆኗል። የፍራንክ ካፕራ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» በ1946 ወጥቶ ወጪውን አልመለሰም። በ1974 የባለቤትነት መብቱ ሳይታደስ በመቅረቱ ግን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያለ ክፍያ በየገናው ያሳዩት ጀመር፤ በዚሁ የአሜሪካውያን የገና ፊልም ሆኖ ቀረ።

ከሁሉም ይልቅ ታሪኩ የሚያስደንቀኝ ግን በ1994 የወጣው «ዘ ሻውሻንክ ሪደምፕሽን» ነው። ይህ ፊልም ካልት ከሚባለውም አልፎ ሄዷል፤ ጥቂት ተከታዮች ሳይሆን ዓለም አቀፍ ምዕመን አፍርቷል። አወዳደቁንና አነሣሡን ዘርዘር አድርጌ ማቅረብ የፈለግኩትም አንድ የጥበብ ሥራ መቼና በማን ይመዘን የሚለውን ጥያቄ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

ያልተመነዘረው ቼክ

የፊልሙ መነሻ እስጢፋን ኪንግ በ1982 «ዲፈረንት ሲዝንስ» በተባለው የአራት ኖቬላዎች መድበል ውስጥ ያሳተመው «ሪታ ሄይዎርዝና የሻውሻንክ ሪደምፕሽን» ነው። ኪንግ በአስፈሪ ልብ ወለዶቹ የሚታወቅ ደራሲ ቢሆንም በዚህ ሥራው ውስጥ መንፈስም ጭራቅም የለም። ያለው እስር ቤት፣ ጊዜና ጓደኝነት ነው።

ዳይሬክተሩ ፍራንክ ዳራቦንት ያኔ ስሙ እምብዛም የማይታወቅ ወጣት ነበር። ኪንግ ለጀማሪ ፊልም ሠሪዎች አጫጭር ልብ ወለዶቹን በአንድ ዶላር የመስጠት ልማድ ስለነበረው ዳራቦንት በዚሁ ዕድል ተጠቅሞ በ1983 አንድ አጭር ፊልም ሠርቷል። ቀጥሎ በ1987 የሻውሻንክን መብት በአምስት ሺህ ዶላር ገዛ። ኪንግ ቼኩን አልመነዘረውም። ከዓመታት በኋላ በፍሬም አስገብቶ፣ ምናልባት ለዋስትና ገንዘብ ካስፈለገህ የሚል ቀልድ ጽፎበት ለዳራቦንት መልሶ ላከለት።

ዳራቦንት የፊልሙን ጽሑፍ በስምንት ሳምንት ጨርሶ ለካስል ሮክ ኩባንያ አቀረበ። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆነው ዳይሬክተር ሮብ ራይነር ከዚያው ከኪንግ መድበል ሌላውን ኖቬላ ወስዶ በ1986 «ስታንድ ባይ ሚ»ን የሠራ ሰው ነው። ጽሑፉን እንዳነበበ በጣም ስለወደደው ራሱ ሊያዘጋጀው ፈልጎ ለዳራቦንት ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ እንክፈልህ አለው። ለመሪ ተዋናይነትም ቶም ክሩዝ ታስቦ ነበር። ለአንድ ጀማሪ ይህ ገንዘብ ዕድሜ ልክ የሚያኖር ነው። ዳራቦንት ግን እምቢ ብሎ ራሱ ለማዘጋጀት ቆረጠ።

ቀረጻው በ1993 የበጋ ወራት በኦሃዮ ግዛት ማንስፊልድ ከተማ፣ በ1990 በተዘጋ አንድ ግዙፍ የድንጋይ እስር ቤት ውስጥ ተካሄደ። ቲም ሮቢንስ ሚስቱንና ወዳጇን ገድለሃል ተብሎ ሁለት የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበትን የባንክ ባለሙያ አንዲ ዱፍሬንን ሆኖ ተወነ። ሞርጋን ፍሪማን ደግሞ ለእስረኞች የፈለጉትን ሁሉ ከውጭ የሚያስገባውን ሬድን ሆነ። ሬድ በመጽሐፉ ውስጥ ፀጉረ ቀይ አይሪሽ ነው። ፍሪማን ሲመረጥ ያች የአይሪሽነት ነገር አልተሰረዘችም፤ በቀልድ መልክ ፊልሙ ውስጥ ቀረች። ካሜራውን ሮጀር ዲኪንስ፣ ሙዚቃውን ቶማስ ኒውማን ሠሩት። ፊልሙ 142 ደቂቃ ይፈጃል፤ ወጪው 25 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

ባዶው አዳራሽ

ከመውጣቱ በፊት ለሙከራ ሲታይ ተመልካቹ እጅግ ወድዶት ስለነበር ሠሪዎቹ ተስፋቸው ትልቅ ነበር። በመስከረም 1994 በቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል ታየ። በዚያው ወር በጥቂት አዳራሾች ተከፈተ። ዳራቦንትና ከካስል ሮክ ኃላፊዎች አንዷ የነበረችው ሊዝ ግሎትዘር በመክፈቻው ምሽት ሆሊውድ ወደሚገኘው ሲኒራማ ዶም ሄደው የሕዝቡን ብዛት ሊያዩ ጓጉ። ሕዝብ አልነበረም። ደጅ ወጥተው ሁለት ወጣት ሴቶችን፣ ካልወደዳችሁት ገንዘባችሁን ከኩባንያው ተቀበሉ ብለው ለምነው ማስገባታቸውን በኋላ ተናግረዋል።

ጥቅምት 14 በአገር አቀፍ ደረጃ በ944 ሲኒማ ቤቶች ሲከፈት ያገኘው 2.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ደረጃውም ዘጠነኛ ነበር። ከአዳራሽ ሲወርድ ጠቅላላ ገቢው 16 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ከዚህ ላይ የሲኒማ ቤቶቹ ድርሻና የማስታወቂያው ወጪ ሲቀነስ ኪሳራው ከባድ እንደነበር ለማንም ግልጽ ነው።

በ1995 መጀመሪያ ለሰባት የኦስካር ሽልማቶች ታጨ። ከእነዚህ ውስጥ ምርጥ ፊልም፣ የፍሪማን ምርጥ ተዋናይነትና የዳራቦንት የፊልም ጽሑፍ ይገኙባቸዋል። በዕጩነቱ ሰበብ እንደገና ወደ ሲኒማ ቤት ተመልሶ ጠቅላላ ገቢው 28 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በሽልማቱ ምሽት ግን አንድም ሳያገኝ ባዶ እጁን ተመለሰ። «ፎረስት ጋምፕ» ስድስት ኦስካር ይዞ ሄደ።

ለምን ወደቀ?

የመጀመሪያው ምክንያት ርዕሱ ነው። «ሻውሻንክ» የልብ ወለድ እስር ቤት ስም ነው፤ ከመጽሐፉ አንባቢ በቀር ለማንም ትርጉም አይሰጥም። ሞርጋን ፍሪማን ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ፊልሙን አይተው የወደዱት ሰዎች እንኳ ስሙን ለሌላ መንገር ያቅታቸው ነበር። ለፊልም ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ ከሚተላለፍ ወሬ የሚበልጥ ማስታወቂያ የለም። ስሙ ካልተጠራ ወሬው በመንገድ ይቀራል።

ሁለተኛው ጭብጡ ነው። የእስር ቤት ፊልም ሲባል ጨለማ፣ ዱላና ሐዘን ይታሰባል። በፊልሙ ውስጥ ጉልህ ሚና ያላት ሴት የለችም፤ የመኪና ግልቢያም የተኩስ ልውውጥም የለም። ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡን ይዞ ለሚወጣ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል የእስረኞች ታሪክ ማየት አያጓጓም።

ሦስተኛው ጊዜው ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ በተከፈተበት በዚያው ዓርብ የኩዌንቲን ታራንቲኖ «ፐልፕ ፊክሽን»ም ተከፈተ። «ፎረስት ጋምፕ» ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ ገና ከአዳራሽ አልወረደም ነበር። ያ ዓመት ለተመልካች ጠገብ ያለ፣ ለሻውሻንክ ግን ክፉ ዓመት ነበር።

ሃያስያኑስ? አብዛኞቹ አወድሰውታል፤ ሮጀር ኢበርትም ከወደዱት አንዱ ነበር። የሎስ አንጀለስ ታይምሱ ኬኔት ቱራን ግን ስሜት የሚበዛበት፣ ጣፋጭነቱ ያየለ ብሎ ነቅፎታል። እንግዲህ ልብ እንበል፦ ሦስቱም ምክንያቶች ስለ ርዕስ፣ ስለ ማስታወቂያና ስለ ቀን መቁጠሪያ የሚናገሩ ናቸው። አንዱም ስለ ፊልሙ አይናገርም። ሕዝቡ ፊልሙን አይቶ አልጠላውም፤ ሳያየው ነው የቀረው። የመክፈቻ ሳምንት ገቢ ግን እነዚህን ሁለት ነገሮች አይለይም።

ካሴቱና ቴሌቪዥኑ

የይግባኙ ፍርድ ቤት የተከፈተው በ1995 ነው። ዋርነር ኩባንያ ለቪዲዮ አከራዮች 320 ሺህ ያህል ካሴት አሠራጨ። በሲኒማ ቤት ለከሰረ ፊልም ይህ ድፍረት ነበር። ነገር ግን የኦስካር ዕጩነቱ ካሴቱ ላይ ሲጻፍ የርዕሱን ችግር አቃለለው። ተከራዩ ወሰደው፣ ወደደው፣ ለጎረቤቱ ነገረው። ሻውሻንክ በዚያው ዓመት በአሜሪካ በብዛት ከተከራዩት ፊልሞች ቀዳሚው ሆነ።

ቀጣዩ እርምጃ የንግድ አጋጣሚ ነው። የቴሌቪዥን ባለሀብቱ ቴድ ተርነር በ1993 ካስል ሮክን ገዝቶ ስለነበር ቲኤንቲ የተባለው ጣቢያው ፊልሙን በርካሽ ማሳየት ይችል ነበር። በ1997 ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ማቆሚያም አልነበረው። ፊልሙ ለቴሌቪዥን ይመቻል። ከማስታወቂያ ጋር ሦስት ሰዓት ያህል ይሞላል። ታሪኩ በሬድ ድምፅ ስለሚተረክ ከየትም ቦታ ቢጀምሩት አያደናግርም። ጣቢያ ሲቀያይር ድንገት ያገኘው ሰው፣ «እስኪ ይችን ትዕይንት ልጨርስ» ብሎ እስከ መጨረሻው ይቀመጣል። በ2013 ብቻ በአሜሪካ የኬብል ጣቢያዎች 151 ሰዓት የአየር ጊዜ መውሰዱን ዎል ስትሪት ጆርናል በማግስቱ ዓመት ዘግቦ ነበር። ከወጣ 19 ዓመት የሆነው ፊልም መሆኑን አንርሳ።

እኔም ፊልሙን ያወቅኩት በሲኒማ ቤት አይደለም። በአዲስ አበባ የቪዲዮ ቤቶች በበዙበት ዘመን፣ ካሴት እየተዋዋሱ ያዩት የትውልዴ ሰዎች ብዙ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከስሮ እንደነበር የሰማነው ከወደድነው በኋላ ነው። የሻውሻንክ ዝና እዚህም እዚያም የተሠራው በሳሎን ነበር።

ክብሩ በኋላ መጣ። በ2008 ኢንተርኔት ሙቪ ዳታቤዝ በተባለው ድረ ገጽ የተመልካቾች ምርጫ «ዘ ጎድፋዘር»ን አልፎ የአንደኛነቱን ቦታ ያዘ፤ ከዚያም ለዓመታት ሳይለቅ ቆየ። በ2015 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባል ብሎ በሚመዘግባቸው ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። የማንስፊልዱ እስር ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ፊልሙ የተቀረጸባቸውን ቦታዎች ለማየት ከሩቅ የሚመጣ ጎብኚ አያጣም። በፊልሙ ውስጥ የምትታየው ትልቋ የባሉጥ ዛፍ በ2016 በንፋስ ወድቃለች፤ እርሷም ራሷን የቻለች መስህብ ነበረች።

ኪንግ ራሱ የሚተርካት አንዲት ገጠመኝ አለች። በገበያ አዳራሽ ያገኘችው አንዲት ሴትዮ፣ የአንተን አስፈሪ ነገሮች አልወድም፣ እንደ ሻውሻንክ ያለውን ነው የምወደው አለችው። ያንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ ቢላት፣ አልጻፍክም ብላ ጥላው ሄደች።

ተመልካቹ ምን አገኘበት?

ያላዩት እንዳይቀየሙኝ መጨረሻውን አልናገርም። የፊልሙ እምብርት ግን ከመጨረሻው ይልቅ መሃሉ ላይ ነው ባይ ነኝ። አንዲ ለእስር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ እንዲመደብለት ለግዛቱ ምክር ቤት በየሳምንቱ አንድ ደብዳቤ ይጽፋል። ለስድስት ዓመት። በመጨረሻ ሁለት መቶ ዶላርና የተለገሱ መጻሕፍት ልከው፣ ከእንግዲህ አትጻፍ ይሉታል። እርሱ ግን ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት መጻፍ ይጀምራል። ይህን ትዕይንት ያየ፣ በየቢሮው ደጅ ጠንቶ የሚያውቅ ሰው ፈገግ ሳይል አያልፈውም።

በሌላ ወገን ብሩክስ አለ። ሃምሳ ዓመት ታስሮ በስተርጅና ሲፈታ የውጭው ዓለም ይፈራዋል፤ ነጻነቱ ይገድለዋል። ሬድ ደግሞ በየአሥር ዓመቱ አመክሮ ኮሚቴ ፊት እየቀረበ የሚፈለገውን ቃል ይደግማል፤ ይከለከላል። ፊልሙ ተስፋን ያወድሳል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው፦ ተስፋ የሚያስከፍለውን ዋጋና አለመኖሩ የሚያደርሰውን ጉዳት ጎን ለጎን ያሳያል። ቲም ሮቢንስ ኔልሰን ማንዴላን ባገኛቸው ጊዜ ፊልሙን እንደወደዱት ነግረውኛል ይላል። 27 ዓመት ለታሰሩ ሰው ጉዳዩ ከመዝናኛ በላይ እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

እከን የለውም ማለቴ አይደለም። የነቃፊዎቹ ቃል እውነት አለበት፤ ክፉዎቹ ፍጹም ክፉ፣ ደጎቹ ፍጹም ደግ ናቸው። ታሪኩ ከ1947 ጀምሮ ባሉት ዓመታት ባለ የአሜሪካ እስር ቤት ውስጥ የሚካሄድ ሆኖ ሳለ፣ ጥቁሩ ሬድ በቀለሙ ምክንያት የሚደርስበት አንዳች ነገር አይታይም። ከታላላቆቹ ፊልሞች ሁሉ አንደኛ ነው የሚለው የሕዝብ ድምፅ ላይ እኔም ጥርጣሬ አለኝ። በሕዝብ ፍቅር የተነሣ ፊልም ግን ፍቅሩን ማንም ገዝቶ አልሰጠውም፤ ይህ ራሱ ትልቅ ምስክርነት ነው።

ሁለተኛው በር

ከሻውሻንክ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣውን የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን «ሳንኮፋ» እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። ሳንኮፋ የገጠመው ኪሳራ አይደለም፤ ከበሩ መመለስ ነበር። የአሜሪካ አከፋፋዮች ስለ ባርነት የሚተርከውን ፊልም አንወስድም ሲሉ ፕሮፌሰር ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው ከከተማ ከተማ ይዘውት ዞሩ፤ በዋሽንግተን ለሳምንታት ታየ። በ2021 ደግሞ በአዲስ ጥራት ታድሶ በኔትፍሊክስ በኩል ለዓለም ቀረበ፤ ይህም ከ28 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሁለቱ ፊልሞች በይዘትም በበጀትም አይገናኙም። የሚያገናኛቸው ዋናው በር ሲዘጋ ሌላ በር መኖሩ፣ ያ በር እስኪከፈት ድረስም ፊልሙ ሳይጠፋ መቆየቱ ነው።

የዛሬው ሥጋቴም እዚሁ ላይ ነው። የቪዲዮ ቤቶች ተዘግተዋል። የኬብል ጣቢያ ከፍቶ የመጣለትን የሚያይ ተመልካች እየቀነሰ ነው። በኢንተርኔት የሚታዩት ፊልሞች ከቁጥር በላይ ሆነዋል፤ ነገር ግን አንዱን ለማየት መጀመሪያ ርዕሱን አይቶ መምረጥ ያስፈልጋል። ሻውሻንክን የገደለው ደግሞ ይኸው ርዕሱ ነበር። ያዳኑት ሳይፈልጉት ድንገት ያገኙት ሰዎች ናቸው። ለእንዲህ ያለው ድንገተኛ ትውውቅ የቀረው ቦታ ጠባብ ነው።

ለእኛ አገር ፊልም ሠሪዎች ከዚህ የሚወሰድ ተግባራዊ ትምህርት አለ ብዬ አምናለሁ። ፊልሙ በወጣበት ሰሞን ያስገባው ገንዘብ ስለ ፊልሙ የመጨረሻው ቃል አይደለም። ይግባኝ ለመጠየቅ ግን መዝገቡ መኖር አለበት። ቅጂው በአግባቡ ያልተቀመጠ፣ መብቱ የማን እንደሆነ በወረቀት ያልተጻፈ ፊልም ከሃያ ዓመት በኋላ ወዳጅ ቢመጣለት እንኳ የሚያሳየው አይኖረውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ገቢ ያሳዘነው ፊልም ሠሪ ከማዘኑ በፊት ዋናውን ቅጂ ደህና ቦታ ያስቀምጥ።